ማኅተሙ መሳቢያ ውስጥ ነበር፦ ለወረዳችን አስተዳዳሪ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ ለክቡር የወረዳችን አስተዳዳሪ
ግልባጭ፦ ብድሩን ለሰጠን ተቋም፣ ለግብርና ጽሕፈት ቤት፣ ማንበብ ለሚፈልግ ሁሉ
ከአዳማ ዙሪያ፣ ከአዋሽ ዳር
ጥቅምት 2013 ዓ.ም.

ክቡር ሆይ፣ ጤና ይስጥልን። እንዴት ከረሙ?

በመስከረም ውስጥ ለመስኖ ተጠቃሚ ገበሬዎች ማኅበራችን አንድ ደብዳቤ ደረሰን። ግማሽ ገጽ ነው። ለውሃ መሳቢያ ሞተር መግዣ ከወሰድነው ብድር ከሚያዝያ እስከ ሰኔ የነበረውን ክፍያ ስላልከፈልን ከነቅጣቱ እንድንከፍል፣ ካልሆነ ሞተሮቹ እንደሚወሰዱ ይናገራል። 23 አባላት ነን። ከግራሩ ሥር ተቀምጠን እኔ ጮክ ብዬ አነበብኩት። አንድ አባታችን "እስቲ ድገመው" አሉኝ። ደገምኩት። "ኮሮና የሚል ቃል የለበትም?" አሉ። የለበትም። ከታች ግን የወረዳው ማኅተም አለበት፣ ሰማያዊ፣ ደማቅ፣ ጥርት ያለ። ስለ እሱ ማኅተም ብዙ የምለው አለኝ።

መልሳችንን በእጅ ጽፈን መዝገብ ቤት አስገባን። ተቀበሉን። ከዚያ ወዲህ ስንጠይቅ "እየታየ ነው" እንባላለን። የት እንደሚታይ ስላላወቅን ሁሉም ሰው ያየው ዘንድ እዚህ አወጣነው።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። በሽታው የለም አላልንም። መጋቢት 4 ቀን 2012 የመጀመሪያው ታማሚ ተገኘ ሲባል በሬዲዮ ሰምተን ደንግጠናል። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልጆቻችንን ሰብስበናል። መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ሲታወጅ መጨባበጥ ትተናል። ሚያዝያ 11 ፋሲካ ነበር። ሌሊቱን ግቢያችን ቆመን የቤተ ክርስቲያኑን ድምፅ ከሩቅ እየሰማን ፈሰክን። ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ረመዳንን ሙሉ ተራዊሕን ቤታቸው ነው የሰገዱት። ማንም በዱላ አላስገደደንም። ቅሬታችን ሌላ ነው። ክልከላው ሁሉ በከተማ ሰው ልክ ተሰፍቶ መጣና እኛ ላይ ተጣለ። እንዴት እንደምንኖር የጠየቀን አልነበረም።

ከቤንዚን ልጀምር፤ የዕዳውም ሥር እሱ ነው።

ማደያ በጄሪካን ነዳጅ እንዳይቀዳ የተከለከለው ከኮሮና በፊት ነው። ምክንያቱም ይገባናል። ለገበሬ ግን ቀዳዳ ነበረችው። ቀበሌ "ይህ ሰው ገበሬ ነው፣ ሞተር አለው፣ ይህን ያህል ሊትር ይቀዳለት" ብሎ ይጽፋል፣ ወረዳ ማኅተም ይመታበታል፣ ማደያው ይቀዳል። ወረቀቱ የሚሠራው ለ15 ቀን ነው። የሚያኮራ አሠራር ባይሆንም ይሠራ ነበር።

በመጋቢት መጨረሻ የቀበሌው በር ተዘጋ። "ለጊዜው አገልግሎት አንሰጥም" የሚል ወረቀት በሚስማር ተመታበት። ሊቀመንበሩን ቤቱ ድረስ ሄደን ለመንነው፤ ጎበዝ ሰው ነው፣ ከበሩ ላይ ቁጭ ብሎ በጉልበቱ ላይ ጻፈልን። ማኅተሙ ግን ወረዳ ነው። ወረዳ ስንሄድ ሠራተኛው የሚገባው በፈረቃ ነው ተባልን። ማኅተሙ የታለ? መሳቢያ ውስጥ። የመሳቢያው ቁልፍስ? ዛሬ ፈረቃው ያልሆነው ሰውዬ ጋ። ሰውዬው የት ነው? አዳማ። ከአዳማ በምን ይምጣ? መኪና ቆሟል።

እኔ ራሴ ለአንድ ማኅተም አራት ቀን በእግሬ ተመላልሻለሁ። በአራተኛው ቀን ተመታልኝ። ደስ ብሎኝ ጄሪካኔን ተሸክሜ ማደያ ስደርስ ቀጂው ወረቀቱን ገለበጥ ገለበጥ አደረገና "ጋሼ፣ ይሄ እኮ ቀኑ ሊያልቅ ነው፣ ደግሞ የፊርማው ስም ጎድሏል፣ አሳድሰህ ና" አለኝ። ልጁን አልቀየምኩትም። እሱም እንጀራው ነው። ጄሪካኑን ግን እዚያው ጥዬው መምጣት አምሮኝ ነበር።

ክቡር አስተዳዳሪ፣ ሽንኩርት በሚያዝያ ፀሐይ በየአራት በየአምስት ቀኑ ውሃ ካላገኘ ጫፉ ይቃጠላል፣ ራሱ ሳይሞላ ይቀራል። አዋሽ ከማሳችን ሁለት መቶ እርምጃ አይርቅም። ማታ ማታ ውሃው ሲሄድ ይሰማናል። እየሰማነው ሽንኩርቱ ደረቀ። በባልዲ የሞከሩ አሉ፤ ባልና ሚስት ከነልጆቻቸው ሌሊቱን ሙሉ ሲመላለሱ አድረው ሲነጋ ሁለት መደብ አጠጥተው ነበር። ከሃምሳ መደብ ሁለት።

ቤንዚን ጠፍቶ ነው እንዳይባል፣ በሃይላንድ ነበር። መንገድ ዳር፣ በየሱቁ ጀርባ። በማደያው ዋጋ እጥፍ ገዛን፣ ያውም ውሃ የተቀላቀለበት፤ የሁለት አባሎቻችን ሞተር በዚሁ ሰበብ ነክሶ ቆመ። ለገበሬ ማኅተም ያልተገኘለት ቤንዚን ለሃይላንድ ነጋዴው በየትኛው ማኅተም እንደተቀዳ ቢያጣሩልን ደስ ይለናል።

ቅጣት የተጻፈብን እንግዲህ ለእነዚህ ወራት ነው። ያኔ የጠፋው ማኅተም አሁን ለቅጣቱ ደብዳቤ በአንድ ቀን ተገኘ።

ሁለተኛው የቲማቲሙ ጉዳይ ነው። "ጭነት መኪና አልተከለከለም" ይሉናል። እውነት ነው፣ አልተከለከለም። መኪና ግን ራሱን አይጭንም። ለቃሚ ይፈልጋል፣ ጫኝና አውራጅ ይፈልጋል። ከአራት ሰው በላይ አትሰብሰቡ የሚለው ትእዛዝ ደግሞ እኛ ዘንድ ማሳ ድረስ ገባ።

ከአባሎቻችን አንዷ ባሏ የሞተባት ናት። ግማሽ ጥማድ ቲማቲም ደርሶላት ስምንት ለቃሚ ቀጠረች፣ ከሷ ጋር ዘጠኝ። ለቃሚ እንደሚያውቁት በየመደዳው ተራርቆ ነው የሚሠራው፤ ከአንዱ እስከ አንዱ ያለው ርቀት በሬዲዮ "ሁለት የአዋቂ እርምጃ" ከሚሉት ይበልጣል። ሚሊሻው መጥቶ ከዳር ቆሞ ቆጠረ። ዘጠኝ። "አምስታችሁ ውጡ" አለ። ወጡ። በአራት ሰው እስከ ማታ 30 ሳጥን ሞላች። መኪናው የመጣው 70 ጠብቆ ነው። ሾፌሩ ኬላ ሳይዘጋብኝ ልግባ ብሎ ባዶውን ሄደ፣ ለ30 ሳጥን ነዳጁን አልመልስም ብሎ። በነጋታው ሌላ መኪና አልተገኘም። በሦስተኛው ቀን ሳጥኖቹ "ማልቀስ" ጀመሩ፤ ከሥር ጭማቂው ሲንጠባጠብ እንዲህ ነው የምንለው። ለከብቶቹ ሰጠናቸው። መጀመሪያ ተሻሙበት፣ በኋላ ጠገቡ፣ በመጨረሻ አህያዋ እንኳን አሽትታ ዞር አለች። ዝንቡ ለሳምንት አልለቀቀንም። የሳጥን ኪራዩን ግን እስከ መጨረሻው ሳንቲም ከፍላለች።

መኪና ቢገኝስ ገበያው የት ነበር? ሆቴሉ ተዘግቷል፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ወደየቤቱ ተልኳል፣ ሠርግ የለም። ይሄን የወረዳው ጥፋት ነው አንልም። ነገር ግን በዚያው አዋጅ ተከራይ ከቤቱ እንዳይወጣ፣ ኪራይ እንዳይጨመር፣ ሠራተኛ ከሥራው እንዳይባረር ተደንግጎ ነበር። ደግ ነገር ነው። የገበሬ ቲማቲም ሳጥን ውስጥ እንዳያለቅስ የደነገገ ግን አልነበረም።

ሦስተኛ። በግንቦት አንድ ሌሊት የአንድ አባላችን ሚስት ምጥ ያዛት። ባል ለባለባጃጁ ደወለ። ያን ሰሞን ስልክ ሲደወል ስለ ኮሮና የሚያስጠነቅቅ ድምፅ ይቀድም እንደነበር ያስታውሳሉ። ሚስቱ እየጮኸች ባል እጅ ስለመታጠብ ሰምቶ ጨረሰ። ባለባጃጁ ሲያነሳ "ወንድሜ፣ ከወጣሁ ታርጋዬን ይፈቱታል፣ ልጆች አሉኝ" አለው። በጋሪ ወጡ። ምጥ የያዛት፣ ባሏ፣ እናቷ፣ አንዲት ጎረቤት፣ ባለጋሪው። አምስት ናቸው። ኬላው ላይ "አንድ ሰው ይውረድ" ተባሉ። ማን ይውረድ? ባለጋሪው ከወረደ ጋሪው አይሄድም። እናትየው አልወርድም ብለው ጮኹ። ጎረቤቲቱ ወረደች፣ ስትወርድ ደግሞ ሻንጣው አብሯት ወረደ፣ ሻንጣው ይመለስ አይመለስ ሲባል ልጁ እዚያው ኬላው አጠገብ፣ በጋሪው ላይ ተወለደ። እናትም ልጅም ደህና ናቸው፣ ተመስገን። "ስሙን ኬላው በሉት" ብለው የቀለዱ አልጠፉም። እናቱ ግን እስካሁን በቀልዱ አትስቅም።

በዚህ አጋጣሚ ስለ ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ። ለማሞገስ አይደለም፣ እውነቱ ይታወቅ ብለን ነው። በያንዳንዱ ቀበሌ ሁለት እንዲሆኑ ነው የተባለው፤ እኛ ጋ በዚያ ሁሉ ወር የነበረችው አንዷ ብቻ ናት። ቤት ለቤት ስትዞር አንድ የጨርቅ ማስክ ነበራት። ማታ አጥባ አጥር ላይ ስታሰጣት በዓይኔ አይቻለሁ።

ስለ እጅ መታጠብ ከተነሳ፣ ቦኖው ከየካቲት ጀምሮ አይሠራም። የኛ አካባቢ የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ ይበዛበታል፤ የብዙዎቻችን ጥርስ ቡናማ የሆነው በሱ ነው፣ ከንጽሕና ጉድለት አይደለም፣ የከተማ ሰው እየሳቀብን ስለሆነ ነው የምናገረው። የምንጠጣው የቦኖውን ነበር። ቦኖው እንዲጠገን ስናመለክት የእጅ መታጠቢያ በርሜል መጣልን፣ ቧንቧ የተገጠመለት። ፎቶ ተነሱበት። ውሃ ግን አልነበረውም። አሁን ዶሮ ታቅፋበታለች።

የልጆቹ ነገር ከሁሉ ይከብደኛል። ትምህርት በሬዲዮ ይሰጣል ተባለ። ሬዲዮ ያለው ቤት ጥቂት ነው። ካለው ቤት ሰባት ስምንት ልጅ ተሰብስቦ ያዳምጥ ነበር፤ ይሄም ከአራት በላይ ስለሆነ ተበተነ። ከዚያ የባትሪው ድንጋይ አለቀ፣ ሱቁም አልነበረውም። የከተማዎቹ ልጆች በቴሌግራም ነው የሚማሩት ሲሉን ነበር፣ ሰኔ መጨረሻ ላይ ደግሞ ኢንተርኔት ለሳምንታት ጠፋና እኩል ሆንን።

ሰባተኛ ክፍል የነበረች አንዲት ልጅ ነበረች። የሒሳብ ደብተሯን የኔ ልጅ ይዋስ ስለነበር አውቃታለሁ፤ ቁጥሮቿ እንደ መርፌ ቀዳዳ ትናንሽ ናቸው፣ ደብተር ለመቆጠብ። በግንቦት ተዳረች። አባቷን "ምነው?" ስንለው "ትምህርት ቤቱ መቼ እንደሚከፈት የሚያውቅ አለ? ሽንኩርቱም ሄደ፣ አንድ አፍ ልቀንስ ብዬ ነው" አለ። ለቅሶ በተከለከለበት ወር ሠርጉ በጓሮ ተደገሰ፣ ማንም መጥቶ አልቆጠረም። የክፍሏ ልጆች በመጀመሪያው መንፈቅ ውጤት ወደ ስምንተኛ ተዛወሩ። ጥቅምት 9 የገጠር ትምህርት ቤቶች ሲከፈቱ ልጄ ሄዶ መጣ። ስሟ ከስምንተኛ ክፍል ዝርዝር ውስጥ አለ፣ ተጠርቷል። "አቤት" ያለ የለም። ሌላ ማን ቀረ ስለው በጣቶቹ መቁጠር ጀመረ፣ አንድ እጁ አልበቃውም።

የእድሩ ድንኳን ደግሞ አለ። በሰኔ አንድ ሽማግሌ አርፈው ድንኳን ተተከለ። ልማድ ስለሆነ ብቻ አይደለም፣ ፀሐይ ስለነበር ነው፤ ለቀስተኛው እየተፈራረቀ ነበር የሚገባው። ሚሊሻዎች መጥተው ድንኳኑን ከነምሰሶው ወሰዱት። "አዋጁ ሲያልቅ ትወስዳላችሁ" ተባልን። አምስት ወሩ አለቀ። ድንኳኑ አሁንም በቀበሌው መጋዘን ውስጥ ነው። አይጥ ገብቶበታል ይላሉ፣ በር ስላልተከፈተልን አላየንም። ከዚያ ወዲህ አራት ሰው ቀብረናል። ሁሉንም በሸራ።

አንድ ነገር ጣል አድርጌ ልለፍ። መስከረም ላይ ብር ሲቀየር ከባንክ በር ላይ ተደራርበን ስንጋፋ ዋልን፣ የኔ ትንፋሽ የፊተኛው ሰው ማጅራት ላይ ነበር። ያን ቀን ዘጠኝ ብሎ የቆጠረን ሚሊሻ አልነበረም።

እንግዲህ የምንጠይቀው ይህን ነው።

ቅጣቱ ይሰረዝልን። ዋናውን ብድር አንክድም፣ በልተነዋል፣ እንከፍላለን። ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ያለው ክፍያ ግን ወደ መጪው የመስኖ ምርት ይዛወርልን፣ ሞተሮቹም አይወሰዱብን። ሞተሩን ወስዳችሁ ብድሩን ከምን ልናመጣው ነው?

የነዳጁ ወረቀት ለ15 ቀን ሳይሆን ለአንድ የምርት ወቅት ይሁን፣ ማኅበሩ ዝርዝሩን ሰጥቶ የልማት ጣቢያ ሠራተኛው ይፈርምበት። እሱ እዚሁ ነው የሚኖረው፣ የማንን ማሳ ስንት ሞተር እንደሚያጠጣው ያውቃል። ካልሆነም ቢያንስ የማኅተሙ መሳቢያ ሁለት ቁልፍ ይኑረው። ቀልድ አይደለም፣ ሁለተኛ ቁልፍ ይቀረጽ፣ ገንዘቡን እናዋጣለን።

በሽታው ገና አልሄደም። እንደገና ክልከላ ቢመጣ ማሳ ላይ ያለ ለቃሚ እንደ ስብሰባ አይቆጠር፤ ምጥ የያዛት ሴት የምትሄድበት ባጃጅ ሌሊትም ቢሆን እንዲያልፍ ለየኬላው በጽሑፍ ይነገር፣ በቃል ሳይሆን በጽሑፍ፣ ምክንያቱም ያን ሌሊት የኬላው ልጅ "ያልተነገረኝን አላደርግም" ነው ያለው፣ እሱም ቢሆን የሰው ልጅ ነው፣ ጣጣ ፈርቶ ነው።

ቦኖው ይጠገን። ድንኳናችን ይመለስ፣ የተበላው ተለክቶ። ከሴቶችና ከትምህርት ጽሕፈት ቤት አንድ ሰው ወደ ትምህርት ቤታችን መጥቶ ያልተመለሱትን ልጃገረዶች ስም በስም ይመዝግብ፤ ቤታቸውን እኛ እናሳያለን። አንዳንዶቹን አሁንም መመለስ ይቻላል። የእገሊት ልጅ ናት፣ የእገሌ ልጅ ናት ብለን የምናፍርበት ጊዜ አልፏል።

ምላሽዎን ለመስማት ስብሰባ ጥሩን አንልም። በወረቀት ጽፈው በቀበሌው በር ላይ ያስለጥፉልን፣ ሁላችንም በዚያ እናልፋለን። "አገልግሎት አንሰጥም" የሚለው ወረቀት ተቀዶ ወድቋል፣ ሚስማሩ ግን አሁንም እዚያው አለ።

ከሰላምታ ጋር
የመስኖ ተጠቃሚ ገበሬዎች ማኅበር ጸሐፊ
(ስለ 23ቱ አባላት፣ በግራሩ ሥር በተደረገ ስምምነት)